ስዊች ላይ የማልቲካስት ግሩፕ አባልነትን እንዴት እናስተካክላለን?

ቪዲዮው ይከፈታል። ጥርት ብሎ ይታያል። አራት ደቂቃ ከምናምን ሲሆነው ቀጥ ይላል። ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት እንደገና ይሠራል፤ ከአራት ደቂቃ በኋላ ያው ነው። ከዚያ ኬብል ይቀየራል፣ ካሜራው ይወቀሳል፣ ሰርቨሩ ሪስታርት ይደረጋል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስዊቹ ላይ ያልተጻፈ አንድ መስመር ነው። ይህ መመሪያ ስለዚያ መስመርና አብረውት መሄድ ስላለባቸው ሴቲንጎች ነው።

ትእዛዞቹን በሲስኮ ካታሊስት ስዊቾች አጻጻፍ አቀርባለሁ፤ የጻፍኳቸውም እንደሚነበቡ ነው። ስዊቹ ላይ በላቲን ፊደል ታስገቧቸዋላችሁ። ስዊቻችሁ የሌላ አምራች ከሆነ ወይም በዌብ ገጽ የሚስተካከል ከሆነም አትቸገሩ። ቦታውና አጻጻፉ ይለያያል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው።

ማን ምን ይሠራል?

አንድ ላኪ አንድ ቅጂ ብቻ ልኮ ብዙ ተቀባይ የሚያገኘው አሠራር ማልቲካስት ይባላል። የፓኬቱ መድረሻ የአንድ ማሽን አድራሻ አይደለም፣ የግሩፕ አድራሻ ነው። በአይፒ ቨርዥን 4 እነዚህ አድራሻዎች ከ224.0.0.0 እስከ 239.255.255.255 ያሉት ናቸው።

ምንም ያልተነገረው ስዊች ማልቲካስትን ከብሮድካስት (ለሁሉም ከሚላክ ትራፊክ) ለይቶ አያየውም። በአንድ ፖርት የገባውን በዚያ ቪላን (ስዊቹ ላይ ተለይቶ የተከፈለ ንዑስ ኔትወርክ) ውስጥ ባሉት ፖርቶች ሁሉ ይረጨዋል። እያንዳንዳቸው በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚልኩ 30 ካሜራዎች ካሉ በየፖርቱ 120 ሜጋቢት ይወጣል ማለት ነው። ፖርቱ 100 ሜጋቢት ብቻ የሆነ ፕሪንተር በማያገባው ትራፊክ ይታፈናል። ከዚያ ሰው "ፕሪንተሩ ተበላሸ" ብሎ ይመጣል።

ይህን የሚያስቀረው አይጂኤምፒ የሚባለው ፕሮቶኮል ነው። ተቀባዩ ማሽን ግሩፑን ሲፈልግ "እኔ አባል ነኝ" የሚል ሪፖርት ይልካል። ስዊቹ ጆሮውን ጣል አድርጎ ይህን ሪፖርት ይሰማና "239.10.10.1ን የሚፈልገው ፖርት 5 ላይ ያለው ነው" ብሎ ሰንጠረዡ ላይ ይጽፋል። ይህ ማዳመጥ ስኑፒንግ ይባላል። ከዚያ በኋላ የግሩፑ ትራፊክ ወደ ፖርት 5 ብቻ ይሄዳል።

ሦስተኛው ተሳታፊ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። ኩዌሪየር ይባላል። ሥራው በየጊዜው "አባል የሆናችሁ እስቲ ተናገሩ" እያለ መጠየቅ ነው። ልክ እንደ ክፍል ስም ጥሪ ነው። አቤት ያለ በዝርዝሩ ይቆያል፣ ዝም ያለ ይሰረዛል። ጠሪው ራሱ ካልመጣ ደግሞ ተማሪው ሁሉ ክፍል ውስጥ እያለ እንደቀረ ይቆጠራል።

አሁን ወደ አራት ደቂቃው እንመለስ። በአይጂኤምፒ ቨርዥን 2 መስፈርት መሠረት ኩዌሪየሩ በየ125 ሰከንዱ ይጠይቃል። ማሽኖቹ በ10 ሰከንድ ውስጥ ይመልሳሉ። አባልነት የሚሰረዘው ሁለት ጥያቄ ያለ መልስ ሲያልፍ ነው። 2 ጊዜ 125 ሲደመር 10፣ 260 ሰከንድ። አራት ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ማለት ነው።

ፕሮግራሙን ስትከፍቱ ማሽኑ ሳይጠየቅ በራሱ ሪፖርት ይልካል። ስዊቹ ይመዘግባል፣ ቪዲዮው ይመጣል። ኔትወርኩ ላይ ኩዌሪየር ከሌለ ግን ማንም ዳግመኛ አይጠይቅም። ያልተጠየቀ ማሽን ደግሞ አይናገርም። 260 ሰከንዱ ያልቃል፣ ስዊቹ መዝገቡን ይሰርዛል፣ ቪዲዮው ይቆማል። ማንም አልተሳሳተም፤ እያንዳንዱ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ለዚህ ነው ስኑፒንግን ከፍቶ ኩዌሪየር አለማድረግ ጭራሽ ካለመክፈት ይብሳል የምለው። ጭራሽ ካልተከፈተ ትራፊኩ ይበዛል እንጂ ቢያንስ ይደርሳል።

አንዳንድ አምራቾች የጥያቄውን ልዩነት 60 ሰከንድ ስላደረጉት የእናንተው ከዚህ ቀደም ብሎ ሊቆም ይችላል። ዋናው ምልክት ከተከፈተ በኋላ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ጊዜ ቆይቶ መቆሙ ነው። በኬብል ወይም በፓኬት መጥፋት የሚመጣ ችግር እንዲህ ሰዓት አያከብርም።

ስዊቹን ከመንካታችሁ በፊት

ሦስት ነገር ወረቀት ላይ አስቀምጡ። ላኪዎቹ የት ስዊች ላይ ናቸው? ተቀባዮቹስ? ሁሉም በየትኛው ቪላን ውስጥ ናቸው? አባልነት በቪላን ነው የሚቆጠረው። ለቪላን 10 የተደረገ ነገር ለቪላን 20 አይሠራም።

ቀጥሎ የግሩፕ አድራሻ ምረጡ። ለውስጥ አገልግሎት የተመደበው ከ239.0.0.0 እስከ 239.255.255.255 ያለው ክልል ነው። ከዚህ ውስጥ ማንኛውንም ማንሳት ይቻላል ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ።

የማልቲካስት አይፒ አድራሻ ስዊቹ ወደሚሠራበት ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርድ ደረጃ አድራሻ) ሲቀየር የመጨረሻዎቹ 23 ቢቶች ብቻ ናቸው የሚወሰዱት። የቀረው ይጣላል። በዚህ ምክንያት 32 የተለያዩ የአይፒ ግሩፖች አንድ ማክ አድራሻ ይጋራሉ። ለምሳሌ 239.10.10.1 እና 239.138.10.1 ማክ ላይ ሲደርሱ አንድ ናቸው። አባላቱን በማክ ብቻ የሚመዘግብ ስዊች አንዱን ግሩፕ ለጠየቀ ሁለቱንም ይልክለታል።

ከዚህ የባሱት በ239.0.0 እና በ239.128.0 የሚጀምሩት አድራሻዎች ናቸው። እነዚህ በ224.0.0 ከሚጀምሩት አድራሻዎች ጋር ማክ ይጋራሉ። በ224.0.0 ውስጥ ያሉት የኔትወርኩ የራሱ መነጋገሪያዎች ናቸው፤ ራውተሮች መንገድ የሚለዋወጡበት ኦኤስፒኤፍ 224.0.0.5 እና 224.0.0.6ን፣ ራውተሮች ተተኪ የሚይዙበት ቪአርአርፒ 224.0.0.18ን፣ መሣሪያዎች በስም የሚፈላለጉበት ኤምዲኤንኤስ 224.0.0.251ን ይጠቀማሉ። ስዊቾች እነዚህን ሪፖርት ሳይጠብቁ በሁሉም ፖርት መልቀቅ አለባቸው። ስለዚህ ካሜራችሁን 239.128.0.5 ላይ ብታደርጉት ብዙ ስዊች እንደ ኦኤስፒኤፍ ቆጥሮ በሁሉም ፖርት ይረጨዋል። ስኑፒንጉ በትክክል ተከፍቶ እያለ ትራፊኩ ለምን እንደማይቆም ግራ ይገባችኋል። ከሁለቱ ራቁ። እኔ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ቁጥር ዜሮ ያልሆነበትን እመርጣለሁ። በዚህ መመሪያ 239.10.10.1ን እንጠቀማለን።

የመጨረሻው ውሳኔ ቨርዥን ነው። ቨርዥን 2 በ1997፣ ቨርዥን 3 በ2002 ነው የወጣው። ቨርዥን 3 "ይህን ግሩፕ ከዚህ ላኪ ብቻ" ብሎ መምረጥን ይጨምራል። ይህን የሚጠይቅ ፕሮግራም ከሌላችሁ ቨርዥን 2 ይበቃል። ቨርዥን 3 ካስፈለጋችሁ ግን ኩዌሪየሩም ስዊቾቹም በሙሉ ቨርዥን 3 መሆን አለባቸው። የቨርዥን 2 ጥያቄ የሰማ ማሽን ራሱን ወደ 2 ዝቅ ያደርጋል፤ ላኪ የመምረጡ ነገር በዚያው ይቀራል።

ደረጃ 1፦ ስኑፒንግን መክፈት

ካታሊስት ስዊቾች ላይ በነባሪነት ክፍት ነው። ቢሆንም ሰው ዘግቶት ሊሆን ስለሚችል አረጋግጡ፦

ሾው አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ቪላን 10

ተዘግቶ ከሆነ ኮንፊግ ሞድ (ሴቲንግ የሚለወጥበት ክፍል) ገብታችሁ፦

አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ
አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ቪላን 10

የመጀመሪያው ለስዊቹ በሙሉ፣ ሁለተኛው ለቪላኑ ነው። የመጀመሪያው ከተዘጋ ሁለተኛው ብቻውን ምንም አያደርግም። ዋጋቸው ዝቅ ያሉ ስዊቾች ላይ ስኑፒንግ ብዙ ጊዜ ዝግ ሆኖ ይመጣል። ዌብ ገጹ ላይ "አይጂኤምፒ ስኑፒንግ" የሚለውን ከፍታችሁ ቪላኑንም ለብቻው ማብራት እንዳትረሱ።

ይህን በሁሉም ስዊቾች ላይ አድርጉ። አንዱ ስዊች ከቀረ እሱ ጋ ያሉት ፖርቶች በሙሉ ይጥለቀለቃሉ።

ደረጃ 2፦ ኩዌሪየር መሾም

መጀመሪያ ኩዌሪየር እንዳለ እዩ፦

ሾው አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ኩዌሪየር

ቪላን 10 የሆነ አይፒና ፖርት ይዞ ከመጣ አንድ መሣሪያ እየጠየቀ ነው። ማን እንደሆነ እወቁ። ማልቲካስት ራውቲንግ የበራበት ራውተር ከሆነ ደህና ነው። ማንም የማያውቀው አሮጌ መሣሪያ ከሆነ ግን ነገ ከመብራት ሲነቀል ግሩፖቹን ሁሉ ይዞ እንደሚሄድ ልብ በሉ።

ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ራሳችሁ ሹሙ። የት ላይ? ዋናው ስዊች ላይ። ምክንያቱ ብዙም አይነገርምና ትንሽ ልቆይበት።

ስዊች የማልቲካስት ትራፊክን የሚልከው ለአባላት ብቻ አይደለም። ኩዌሪየሩ ወዳለበት ፖርትም ይልካል። ይህ ፖርት ኤምራውተር ፖርት ይባላል። ጥያቄው የመጣበትን ፖርት ስዊቹ "ወደ ራውተሩ የሚወስደው በዚህ ነው" ብሎ ስለሚይዘው፣ የሚመለከት ሰው ኖረም አልኖረም ፍሰቱ ሁሉ ወደዚያ ይወጣል። ስለዚህ ኩዌሪየሩን ጥግ ላይ ያለ ትንሽ ስዊች ላይ ብታስቀምጡት የ30ዎቹ ካሜራዎች 120 ሜጋቢት በሙሉ ወደዚያ ጥግ ይፈሳል። በአንድ 100 ሜጋቢት መስመር የተገናኘ ከሆነ መስመሩ ይሞላል። ዋናው ስዊች ላይ ሲሆን ግን ትራፊኩ የሚሰበሰበው ሰፊ መስመር ወዳለበት ነው፤ ከዚያም ወደሚፈለግበት ብቻ ይከፋፈላል።

ዋናው ስዊች ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

ኢንተርፌስ ቪላን 10
አይፒ አድሬስ 10.0.10.2 255.255.255.0
ኤግዚት
አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ኩዌሪየር
አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ኩዌሪየር ቨርዥን 2

የአይፒ አድራሻውን አትዝለሉት። አድራሻ ያላገኘ ካታሊስት ስዊች ኩዌሪየር ተብሎ ተጽፎም አይጠይቅም። አንዳንድ ሌሎች ስዊቾች ደግሞ ከ0.0.0.0 ብለው ይጠይቃሉ፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከቁም ነገር የማይቆጥሩ መሣሪያዎች አሉ። በዚያው ቪላን ውስጥ ያለ እውነተኛ አድራሻ ስጡትና ተገላገሉ።

ሁለተኛ ዋና ስዊች ካላችሁ እሱም ላይ ኩዌሪየር አብሩ። በአንድ ቪላን ሁለት ከሆኑ በመስፈርቱ መሠረት ትንሹ አይፒ አድራሻ ያለው ያሸንፋል፤ ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ለ255 ሰከንድ ካልተሰማ ተጠባባቂው ይረከባል። ስለዚህ እንዲጠይቅ የምትፈልጉትን አነስተኛ ቁጥር ስጡት። ጥግ ላይ ያሉ ስዊቾች ላይ ግን አታብሩ። "ለማንኛውም ይኑር" ተብሎ ሁሉም ላይ ሲበራ፣ አንድ ቀን ትንሹን አይፒ የያዘው የጥጉ ስዊች ሆኖ ይገኛል።

ደረጃ 3፦ ኤምራውተር ፖርቱን ማረጋገጥ

በጥጉ ስዊቾች ላይ፦

ሾው አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ኤምራውተር

ወደ ዋናው ስዊች የሚወስደው ፖርት መታየት አለበት። ካልታየ ጥያቄው እየደረሰ አይደለም፤ ቪላን 10 በትራንኩ (በስዊቾች መካከል ብዙ ቪላን በሚያልፍበት መስመር) ላይ መፈቀዱን እዩ። ሁሉም ተስተካክሎ እያለ ካልያዘው በእጅ ማስገባት ይቻላል፦

አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ቪላን 10 ኤምራውተር ኢንተርፌስ ጊጋቢት 1/0/24

ይህ ግን የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ነገ ኬብሉ ወደ ሌላ ፖርት ሲዛወር ይህን መስመር የሚያስታውሰው የለም።

ደረጃ 4፦ መውጣትን ማፍጠን

ማሽኑ ግሩፑን ሲተው የመውጫ መልእክት ይልካል። ወዲያው ግን አይቋረጥም። "በዚህ ፖርት ሌላ የሚፈልግ አለ?" የሚል ጥያቄ በአንድ ሰከንድ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፤ መልስ ከጠፋ ፖርቱ ይሰረዛል። ሁለት ሰከንድ አካባቢ ነው። ለካሜራ ምንም ማለት አይደለም። ቻናል እየቀያየሩ ለሚያዩበት የቲቪ ሥርዓት ግን አሮጌውና አዲሱ ቻናል ለሁለት ሰከንድ አብረው ይመጣሉ። ጠባብ መስመር ላይ ምስሉ ይንገጫገጫል።

አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ቪላን 10 ኢሚዲየት-ሊቭ

ይህን የምታበሩት በእያንዳንዱ ፖርት ላይ አንድ ተቀባይ ብቻ ካለ ነው። ከፖርቱ ጀርባ ሌላ ትንሽ ስዊች ወይም ዋይፋይ አክሰስ ፖይንት ካለ አንዱ ሰው ሲዘጋ የሌላው ምስልም አብሮ ይቋረጣል። የተቋረጠበት ሰው የሚመለስለት ቀጣዩ ጥያቄ ሲመጣ ነው፤ ያ ደግሞ እስከ ሁለት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ተዉት።

ደረጃ 5፦ ማን የትኛውን ግሩፕ ይቀላቀል?

ይህ ለሁሉም አያስፈልግም። የሚከፈልባቸው ቻናሎች ወይም ሁሉም ሰው ሊያያቸው የማይገቡ ካሜራዎች ካሉ ግን ፖርቱ የሚፈቀድለትን ግሩፕ መወሰን ትችላላችሁ፦

አይፒ አይጂኤምፒ ፕሮፋይል 5
ፐርሚት
ሬንጅ 239.10.10.1 239.10.10.20
ኤግዚት
ኢንተርፌስ ጊጋቢት 1/0/5
አይፒ አይጂኤምፒ ፊልተር 5
አይፒ አይጂኤምፒ ማክስ-ግሩፕስ 4

"ፐርሚት" የምትለዋን ቃል አትርሱ። ካልተጻፈች ፕሮፋይሉ የጠቀሳችሁትን ክልል ይከለክላል፤ ከፈለጋችሁት ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው።

የመጨረሻው መስመር ፖርቱ በአንድ ጊዜ ስንት ግሩፕ መያዝ እንደሚችል ይወስናል። "ሰውዬው አንድ ቻናል ነው የሚያየው" ብላችሁ 1 አትጻፉ። ዊንዶውስ መሣሪያ ለመፈለግ 239.255.255.250ን ራሱ ይቀላቀላል። ፊልተር ሳይኖር ገደቡን ብቻ 1 ካደረጋችሁት ያችን አንድ ቦታ እሱ ይይዛትና ቪዲዮው ጭራሽ አይመጣም። ትንሽ ቦታ ተዉለት። ገደቡ ሲሞላ አዲሱ ጥያቄ ዝም ተብሎ ይጣላል፤ ለተጠቃሚው የሚመጣ የስህተት መልእክት የለም።

ደረጃ 6፦ ቋሚ አባል

አይጂኤምፒ የማይናገሩ አሮጌ ዲኮደሮች፣ መለኪያዎችና ማሽኖች አሉ። ሪፖርት ስለማይልኩ ስዊቹ አያውቃቸውም። ለእነሱ በእጅ መመዝገብ ነው፦

አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ቪላን 10 ስታቲክ 239.10.10.1 ኢንተርፌስ ጊጋቢት 1/0/7

ይህ መዝገብ በጊዜ አይሰረዝም። የሚሠራውም በተጻፈበት ስዊች ላይ ብቻ ነው። ላኪው ሌላ ስዊች ላይ ከሆነ በመካከል ያሉት ስዊቾችም ወደዚህ በሚወስደው ፖርታቸው ላይ ያንኑ ግሩፕ ሊይዙ ይገባል። ካልሆነ ፍሰቱ እዚህ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።

ያልታወቀ ማልቲካስት የሚባለው ሴቲንግ

ብዙ ስዊቾች አባል የሌለው ግሩፕ ሲመጣ "ልርጨው ወይስ ልጣለው?" የሚል ምርጫ ይሰጣሉ። መጣል ጥሩ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አረጋግጡ። አይፒ ቨርዥን 6 ጎረቤቱን የሚፈልገው በማልቲካስት ነው። ስዊቹ የቨርዥን 6ን አባልነት የሚያዳምጠው ኤምኤልዲ ስኑፒንግ ሳይበራ የቨርዥን 6 ማልቲካስትን ከጣለ ማሽኖቹ እርስ በርስ መገናኘት ያቅታቸዋል። ቪዲዮውን ያስተካከላችሁ መስሏችሁ ኔትወርኩን ታቆማላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ኤምኤልዲ ስኑፒንግን ከነኩዌሪየሩ አብሩ፣ ከዚያ መጣሉን አስቡበት።

የተርሚናል ፖርቶችና ስፓኒንግ ትሪ

ኮምፒውተር የተሰካባቸው ፖርቶች ላይ ይህን ጻፉ፦

ስፓኒንግ-ትሪ ፖርትፋስት

ስፓኒንግ ትሪ ስዊቾች መካከል የትራፊክ ዑደት እንዳይፈጠር የሚጠብቅ ፕሮቶኮል ነው፤ ፖርትፋስት ደግሞ ፖርቱ ላይ የተሰካው ተራ ማሽን መሆኑን ይነግረዋል። ከማልቲካስት ጋር ምን አገናኘው? ፖርትፋስት የሌለው ፖርት በበራና በጠፋ ቁጥር ስዊቹ "የኔትወርኩ ቅርጽ ተለወጠ" ይላል። ቅርጹ ሲለወጥ አባላቱ የት እንደሄዱ ስለማይታወቅ ካታሊስት ስዊቾች ለጊዜው ማልቲካስትን በሁሉም ፖርት ይረጫሉ። ጠዋት ሁሉም ሰው ኮምፒውተሩን ሲያበራ ኔትወርኩ ተጨናንቆ ቆይቶ ከረፈደ ደህና የሚሆነው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

መፈተሽ

ሦስት ኮምፒውተሮች ቪላን 10 ላይ አገናኙ። አንዱ ይልካል፣ አንዱ ይቀበላል፣ ሦስተኛው ምንም አያደርግም። ቪኤልሲ የሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ለዚህ ይበቃል። ላኪው ላይ አንድ ቪዲዮ በዩዲፒ ወደ 239.10.10.1፣ ፖርት ቁጥር 5004 እንዲለቅ አድርጉ። ተቀባዩ ላይ "ኔትወርክ ስትሪም ክፈት" በሚለው ውስጥ ያንኑ አድራሻ በዩዲፒ አስገቡ፤ ከአድራሻው በፊት የ@ ምልክት ይኑር። ፒንግ ግን አትሞክሩ። ሊኑክስ በነባሪው ወደ ግሩፕ አድራሻ ለሚላክ ፒንግ አይመልስም፤ መልስ አለመምጣቱ ምንም አይነግራችሁም።

ከዚያ ስዊቹ ላይ፦

ሾው አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ግሩፕስ ቪላን 10

የሚመጣው እንዲህ ያለ ነገር ነው፦

ቪላን 10፣ ግሩፕ 239.10.10.1፣ ዓይነት አይጂኤምፒ፣ ቨርዥን 2፣ ፖርቶች ጊጋቢት 1/0/5

የተቀባዩ ፖርት መኖሩን እዩ። የሦስተኛው ኮምፒውተር ፖርት አለመኖሩንም እዩ። "ሾው ኢንተርፌስ" ብላችሁ የሦስተኛውን ፖርት የሚወጣ ትራፊክ ስትመለከቱ ቪዲዮው ወደዚያ መፍሰስ የለበትም።

አሁን ሻይ ጠጥታችሁ ኑ። ፈተናው ያለፈ የሚባለው ቪዲዮው 10 ደቂቃ ሳይቆም ሲሄድ ነው። በ30 ሰከንድ ውስጥ "ይሠራል" ብሎ መሄድ ኩዌሪየር በሌለበት ኔትወርክም ይቻላል። እስከዚያ ተቀባዩ ላይ ዋየርሻርክ (ፓኬቶችን የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍታችሁ "አይጂኤምፒ" ብላችሁ አጣሩ። እንደ ስዊቹ በየአንድ ወይም በየሁለት ደቂቃው አካባቢ ከ10.0.10.2 ወደ 224.0.0.1 የሚሄድ ጥያቄ፣ ከዚያ በሰከንዶች ውስጥ ከተቀባዩ ወደ 239.10.10.1 የሚሄድ ሪፖርት ታያላችሁ። ይህን ጥያቄና መልስ ሁለት ጊዜ ካያችሁ አባልነቱ እየታደሰ ነው። ያኔ ኮንፊገሬሽኑን በ"ራይት ሜሞሪ" አስቀምጡ።

አሁንም ካልሠራ

ቪዲዮው ከመጀመሪያውም አልመጣም? ብዙ ጊዜ ስዊቹ ንጹሕ ነው፤ ማሽኑ ሪፖርቱን በሌላ ካርድ እየላከው ይሆናል። ቪፒኤን ወይም ቨርቹዋል ማሽን ያለበት ኮምፒውተር ላይ ይህ የተለመደ ነው። ዊንዶውስ ላይ "ኔትሽ ኢንተርፌስ አይፒ ሾው ጆይንስ"፣ ሊኑክስ ላይ "አይፒ ኤምአድር ሾው" የሚሉት ግሩፑ በየትኛው ካርድ እንደተያዘ ያሳያሉ። ካርዱ ትክክል ሆኖ ሪፖርቱ ስዊቹ ላይ ካልደረሰ የማሽኑን ፋየርዎል እዩ።

ጥያቄው እየመጣ መልሱ ግን የማይወጣ ከሆነም ያው ፋየርዎል ነው። ፕሮግራሙን ፈቅዶ አይጂኤምፒን የሚከለክል ሕግ ያጋጥማል። ያኔ ቪዲዮው ጀምሮ በዚያችው ሰዓት ይቆማል። ኩዌሪየር እያለ ኩዌሪየር የሌለ ይመስላል።

ተቀባዩ ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ እሱን በያዘው ኮምፒውተር ውስጥም ብሪጅ የሚባል አንድ የሶፍትዌር ስዊች እንዳለ አትርሱ። የሊኑክስ ብሪጅ በነባሪው ስኑፒንግ ክፍት፣ ኩዌሪየር ዝግ ነው። የውጪው ኩዌሪየር ጥያቄ እስከ ብሪጁ ድረስ ከደረሰ ችግር የለም። ካልደረሰ በዚያው ብሪጅ ላይ ኩዌሪየሩን ማብራት ነው።

ዋይፋይ ላይ ብቻ የሚንገጫገጭ ከሆነ ስዊቹን ተዉት። አክሰስ ፖይንት ማልቲካስትን የሚልከው በዝቅተኛ ፍጥነትና የመድረስ ማረጋገጫ ሳይጠብቅ ነው። አክሰስ ፖይንቱ ላይ ማልቲካስትን ወደ ዩኒካስት (ለአንድ ተቀባይ ለብቻው ወደሚላክ) የሚቀይር ሴቲንግ ካለ አብሩት።

ላኪና ተቀባይ በተለያየ ቪላን ከሆኑ ደግሞ እስካሁን ያልነው ሁሉ አይበቃም። ስኑፒንግ ከቪላን ቪላን አያሻግርም። ራውተሩ ወይም ሌየር 3 (ራውቲንግ የሚሠራው) ስዊቹ ላይ "አይፒ ማልቲካስት-ራውቲንግ"፣ በሁለቱም የቪላን ኢንተርፌሶች ላይ "አይፒ ፒም ስፓርስ-ሞድ" ያስፈልጋል (ፒም ራውተሮች ማልቲካስትን የሚያሻግሩበት ፕሮቶኮል ነው)፤ ስፓርስ ሞድ ደግሞ የመገናኛ ነጥብ የሚሆን አንድ ራውተር እንዲነገረው ይፈልጋል። ፒም የበራበት ኢንተርፌስ ራሱ ኩዌሪ ስለሚልክ በዚያ ቪላን የስዊቹ ኩዌሪየር ሥራውን ይለቃል። ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይሻገር ከሆነ የላኪውን ቲቲኤል (በየራውተሩ አንድ እየቀነሰ የሚሄድ የፓኬቱ ቁጥር) እዩ። ብዙ ፕሮግራሞች ማልቲካስትን በቲቲኤል 1 ይልካሉ፤ እንዲህ ያለ ፓኬት የመጀመሪያው ራውተር ላይ ይሞታል። በመካከል ካሉት ራውተሮች ቁጥር ከፍ አድርጉት።

ሁሉም የተሟላ መስሎ አሁንም ከተቋረጠ ሰዓት ይዛችሁ ከተከፈተበት እስከቆመበት ያለውን ሰከንድ ቁጠሩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ስትሞክሩ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ከሆነ ጥያቄው ወይም መልሱ የሆነ ቦታ እየጠፋ ነው። ከተቀባዩ ፖርት ጀምራችሁ ስዊች በስዊች ወደ ኩዌሪየሩ እየሄዱ "ሾው አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ኩዌሪየር" በሉ። መጀመሪያ ባዶ ያልሆነ ዝርዝር ያገኛችሁበት ስዊችና ከእሱ በፊት ያያችሁት ስዊች መካከል ያለው መስመር ላይ ነው ችግሩ።